ያልጠጣሁት አረቄ

ሚስቴ ጥሩነሽ የሞተችው ልጃችን ማርታ አራት ዓመት በሞላት ሰሞን ነው።

ሐዘንተኛን «ብላ» የማይል አገር የለም። ሰው ሁሉ ጉሮሮ የሰጡትን የሚያወርድ ቧንቧ ይመስለዋል። የእኔ ጉሮሮ እንጀራ አላወርድም አለ። የሆቴሉም የጎረቤቱም እንጀራ ምላሴ ላይ ቁጭ ብሎ እሷን ይጠብቃል። ስለዚህ ተውኩት። ዳቦውንም ገንፎውንም አብሬ ተውኩ። አዋሽ ላይ የሚኖር ሰው ያለ እህል መኖር እንደሚቻል በየቀኑ ያያል፤ ወተት ጠጥቶ፣ የፍየል ሥጋ በልቶ ከግመሉ ፊት ፊት የሚሄድ የአፋር ሽማግሌ ሞልቷል። ማርታ ጎረቤት ትብላ፣ እኔ እንደነሱ ልሁን አልኩ። የመንግሥት እርሻ ጸሐፊ በአንድ ሳምንት አርብቶ አደር ሲሆን ማየት የሚያምረው ካለ፣ ይኸው።

በሁለተኛው ቀን ራሴን ፈለጠኝ። በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ላይ መፈክር ሊሰማ ሁሉም ግራ እጁን አንሥቶ ሲቆም፣ የእኔ ባት ተኮማተረና ቁጭ አልኩ። በዚያ ዘመን መፈክር ሲሰማ መቀመጥ ከየትኛውም በሽታ የባሰ ነበር። «ወባ ነው» ብዬ ተረፍኩ።

ወተት የሚያመጣልኝ ሐመዱ ሳቀብኝ።

«አንተ ደገኛ፣ ሆድህ ገና እኛን አልለመደም። ጨው ላስ፤ ውሃ ጠጣ።»

ጨው ላስኩ፤ ራስ ምታቱ ለቀቀኝ። ያልለቀቀኝ የአፌ ሽታ ነው። ካላወቃችሁ ልንገራችሁ፤ እህል የተወ ሰው ትንፋሹ ከአረቄ ቤት የወጣ ሰው ትንፋሽ ይሆናል። ሽታው ለእሱ፣ ሞቅታው ለሌላ።

ቅዳሜ አማቴ እማማ አስካለ ከናዝሬት በባቡር መጡ። አመጣጣቸው አይተውኝ ልጅ ማሳደግ የማልችል ከሆነ ማርታን ይዘው ሊመለሱ ነው። ጣቢያው ላይ ጎንበስ ብዬ ስስማቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ቀና ስል ደግሞ ራሴ ዞረብኝና አጥሩን ያዝኩ።

«በጠዋቱ?» አሉ።

«እማማ፣ ጠጥቼ አይደለም። እህል ትቼ ነው።»

«አረቄ ከምን የሚወጣ መሰለህ? እህል ትቶ የሚሰከርበትን አገር ዛሬ ገና አየሁ።»

ወተት ሊሸጥ ጣቢያው የመጣውን ሐመዱን ምስክር ጠራሁ። «ወላሂ ከወተት ሌላ አይጠጣም» አለ።

«ወተቱን ማን አሰከረው?»

ቤት ስንደርስ የማርታን ልብሶች አንድ በአንድ እያጠፉ በነጠላቸው ማሰር ጀመሩ። ማርታ ጫማዋን ለብቻዋ ደበቀች። ያኔ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። ከዚያ ለመንገድ የያዙትን አገልግል ከፈቱ።

«ነገሩ እህል በመተው ከመጣ፣ በመብላት ይሄዳላ። ብላ።»

ከእንጀራቸው ቆረስኩ። ጎረስኩ። ለካ የጥሩነሽ እጅ የእናቷ እጅ ኖሯል። ወረደ። ሁለተኛውም ወረደ። ዓይኔን ሳልጠርግ አገልግሉን ጨረስኩት።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠርተው ትንፋሼን አሸተቱ።

«ቀሏል» አሉ። የልብሱንም እስር ፈቱት። «ልጅቷ ትቆይ። እኔ ግን በየሳምንቱ እንጀራ ተሸክሜ ባቡር አልሳፈርም። ተማር።»

የጤፍ ዱቄቱን፣ ውሃውንና እርሾውን ፊቴ አስቀመጡ። በየአዳራሹ ስለ ሴቶች እኩልነት ሲነገር ከሁሉ አስበልጬ የማጨበጭብ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሩን ቆለፍኩ፣ መስኮቱንም ዘጋሁ። ከዚያ እጅጌዬን ሰብስቤ ሊጥ አቦካሁ።