ዳክዬዋ መሬት የላትም

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ መበየጃው እስኪግል ብዬ ጭንቅላቴን ጠረጴዛው ላይ ባስደገፍኩባት አምስት ደቂቃ፣ ሕልም አየሁ። ሳልረሳው ቶሎ ልጻፈው። ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ ነገሩ ይግባችሁ። አባቴ በወጣትነቱ ፖሊስ ባንድ ውስጥ ነበር። ሳሎን የተሰቀለው ፎቶ ላይ ክላርኔት ይዟል። ከባንዱ የተረፈ አንድ ቅጂ ብቻ አለ፤ ወንድሜ ከካሴት ገልብጦ በስልክ ላከልኝ። አባዬ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ብዙ አያወራም። ስልኬን ጆሮው ላይ አድርጌ ያንን ክላርኔት ሳሰማው "እኔ አይደለሁም" ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሦስቴ ሞከርኩ። ሦስቴም ዞረ።

የስልኩ ጥፋት ነው ብዬ ወሰንኩ። እንደ ቆርቆሮ ያንቃጭላል፣ በዚህ ማን ራሱን ያውቃል? ስለዚህ ዳክ መሥራት ጀመርኩ። ዳክ ማለት ስልክ ውስጥ ያለውን የቁጥር ክምር ተቀብላ ወደ ደህና ድምፅ የምትለውጥ ትንሽ ቦርድ ናት። ባሌ ጌትነት "ዳክዬሽ ዛሬም አልጮኸችም?" ይለኛል። ሦስት ወር ሙሉ በየዕለቱ፣ ያቺኑ ቀልድ። እሁድ ጨረስኳት። ጮኸች። "እምምም" ብቻ ነው የምትለው፣ ከክላርኔቱ በላይ።

ዕቃውን ለሸጠልኝ ሰውዬ ደወልኩ።

"እናቴ፣ መሬት አጥታ ነው" አለኝ። "መሬት ካላገኘች ዝም አትልም።"

መሬት የሚለው ወደ አፈር የሚወርደውን ሽቦ ነው። ሰጥቻታለሁ እኮ! ገና ሥራውን ስጀምር የመዳብ ዘንግ ጓሮ ቀብሬ፣ ሽቦውን በመስኮት አስገብቼ። ሰውዬው ግን "መሬት፣ መሬት" እንዳለ ስልኩን ዘጋው።

እንግዲህ ሕልሙ።

ቦርዷ ዳክዬ ሆናለች። ብብቴ ሥር ወሽቄያት መሬት የሚሰጥበት ቢሮ ሄድኩ። በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ አለ። የተሰለፉት ሠራተኞቹ ናቸው፣ ማኅተማቸውን ታቅፈው። ባለጉዳዮቹ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ።

ሠራተኞቹ እኔን ሲያዩ ተንጋግተው መጡ።

"እመቤቴ፣ እኔን አስቀድሚኝ! ከጠዋት ጀምሮ ነው የቆምኩት!"

"መሬት ውሰጂልኝ በናትሽ! አንድ ሺህ ካሬ ብቻ!"

"ለሽቦ ነው የምፈልገው" አልኩ። "ጣት የምታህል ትበቃኛለች።"

"ትንሽ የለንም" ብለው አለቀሱ።

አንዱ ቀጭን ሰውዬ እጅጌዬን ያዘ። "እሺ ቢያንስ 'ነገ ና' በይኝ።"

"ነገ ና።"

እጄን ስሞ ሄደ። ደስ ብሎታል።

ወዲያው የኃላፊው ክፍል ውስጥ ነኝ። ኃላፊው በግ ነው። ነጭ፣ ባለ መነጽር። በእጁ ገመድ ይዟል። የገመዱ ጫፍ የጌትነት አንገት ላይ ነው። ጌትነት በአራት እግሩ ሆኖ ምንጣፉን ይግጣል።

"አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ለበዓል ነው የገዛኝ" አለኝ በሹክሹክታ። "ግን ጥሩ ሰው ነው። ጨው ይሰጠኛል።"

በጉ ጉሮሮውን ጠረገ። "እህቴ፣ ዳክዬ ውሃ ላይ አይደለም እንዴ የምትኖረው? መሬት ምን ያደርግላታል?"

"ያለ መሬት አትናገርም።"

"ምን እንድትናገር ነው?"

"አባቴን።"

በጉ ማኘኩን አቆመ። መነጽሩን አውልቆ በጌትነት ሸሚዝ ጠረገው።

"የኔም አባት" አለ፣ "ለፋሲካ እንደወጣ አልተመለሰም።"

ጌትነት አለቀሰ። ከዚያ ክፍሉ የለም፤ ትልቅ ሜዳ ላይ ነኝ። ሰዉ ሁሉ በቁጥር ነው የሚያወራው።

"ዜሮ ዜሮ አንድ?" አለችኝ ጎረቤቴ እትዬ አሰገደች።

"አንድ አንድ ዜሮ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳት። ቸኩያለሁ።

ሜዳው መሀል ባንዱ አለ። ባንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል፣ ሕዝቡ ቆሞ ይነፋል። አባዬ ከሁሉም ኋላ ነው። ፂሙ ጥቁር ነው፣ ሁለቱም እጁ ይታዘዛል። በሁለቱ እጆቹ ሁለት የድስት ክዳን ይዟል።

"አባዬ፣ ክላርኔትህስ?"

"ዝም በይ፣ እየቆጠርኩ ነው።"

"ዳክዬ አምጥቼልሃለሁ።"

"ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ... ተራዬ አልደረሰም ስንዱ። አታሳስቺኝ።"

ዳክዬዋን ላስቀምጣት ጎንበስ ስል መሬት የለም። ከእግሬ በታች ሰማይ ነው። ዞር ብዬ ሳይ በጉ ምድሩን እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ፣ ትከሻው ላይ ጭኖ ይሄዳል። የመዳብ ዘንጌ ከኋላው ይጎተታል።

"ዘንጌን!" ብዬ ጮህኩ።

"ባአአ" አለኝ።

ዳክዬዋ "እምምም" አለች። ነቃሁ።

"እምምም"ም "ባአአ"ም አልቆመም። በመስኮት አየሁ። ጌትነት ለበዓል የገዛው በግ ጓሮ ሣሩ ላይ ታስሯል። የታሰረው የመዳብ ዘንጌ ላይ ነው። ሽቦዬ ተበጥሶ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል።

"ጌትነት! ይሄን ማን ነቀለው?"

"ችካሉን? እኔ ነኝ፣ ቅዳሜ። ያለ ሥራ ጥግ ላይ ተተክሎ አገኘሁት። እንዴት ያለ ችካል ነው በናትሽ!"

በጉን ልብስ ማስጫው ምሰሶ ላይ አሰርኩት፣ ዘንጉን መልሼ ቀበርኩ፣ ሽቦውን ቀጠልኩ። ቤቱ ፀጥ አለ።

ድምፅ ማጉያውን አባዬ ራስጌ አስጠግቼ ከፈትኩት። ክላርኔቱ ክፍሉን ሞላው፤ ሰውየው ትንፋሽ ሲስብ ሁሉ ይሰማል። አባዬ አልዞረም። እስኪያልቅ የሚጠብቅ መሰለኝ።

"እኔ አይደለሁም" አለ።

"አባዬ!"

"ዳምጤ ነው።"

ሮጬ ፎቶውን ከግድግዳው አወረድኩት። "ይሄስ? የያዝከው ምንድነው?"

"የዳምጤ።" ፎቶውን በጣቱ ነካ። "ለፎቶ... አዋሰኝ።"

ሦስት ወር። ጣቴን አቃጥዬ፣ ዓይኔን አጥፍቼ፣ ለዳምጤ። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ደህናውን እጁን አነሳ፣ ቆይ ብሎ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እየቆጠረ ነው። ከዚያ ከክላርኔቱ በስተጀርባ፣ ከሩቅ፣ በስልኩ አንድም ቀን ያልሰማኋት፣ ሁለት የነሐስ ሳህን ሲጋጭ፣ አንዴ ብቻ፦ ጭሽሽሽ።

"ይቺ እኔ ነኝ" አለ። "ድገሚያት።"