የጋሽ ሽብሩ የእጅ ሚዛን

ዲላ ውስጥ ሐኪም የሌለው ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ ሐኪም ነኝ ባይ የሌለው ሰፈር ግን እስካሁን አልተገኘም። እንዲህ ያለው ሰው ነጭ ጋዋንም ምርመራም አያሻውም። አጥር ተደግፎ ያልተጠየቀውን ይመልሳል፣ ያልታመመውን ያክማል። ለወይዘሮ መሰለች ሰፈር የደረሱት ጋሽ ሽብሩ ነበሩ። ሰፈርተኛው "ዶክተር" ይላቸዋል፤ እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ "ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም" ብለው አያውቁም።

ክቡር ዶክተር የሚያውቁት አንድ በሽታ ብቻ ነው። ዶሮ ኩርምት አለች? "ትል ነው!" በግ ሣር ጠላ? "ትል ነው!" የከፍያለው ባጃጅ ዳገቱ ላይ ቀጥ ባለች ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብለው ሞተሩን አዳመጡና፣ ራሳቸውን በሐዘን ነቅንቀው፣ "ይሄም ያው ነው" አሉ። የመዘምራኑ ድምፅ በሰለለ ሰሞን ጥፋተኛው ማን እንደነበር መናገር አያስፈልግም።

ደግሞ የሚዛኑ ነገር አለ። ጋሽ ሽብሩ በደህናው ዘመን አሪቻ በምትባል ቀበሌ አንድ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ሚዛን ያዥ ነበሩ። ገበሬው እሸት ቡናውን ተሸክሞ ሲመጣ ጆንያውን ብድግ አድርገው ኪሎውን ይናገሩ ነበር አሉ፤ ሚዛኑም አፍሮ ይስማማ ነበር። ሥራው ቢቀርም ኩራቱ እጃቸው ላይ ቀረ። "ሚዛን ምን ያደርግልኛል? ሚዛኑ እጄ ላይ ነው!" ይላሉ።

መሰለች ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውን ይረሳል። ልጇ ትንሳኤ በኩሯን ተገላግላ እናቷ ቤት ልትታረስ መጥታለች። መሰለች ጓሮዋ እንሰቱ ሥር ዶሮዎቿን ስትኮተኩት የከረመችው ለዚህ ቀን ነው፤ አራሷ እንቁላል እንዳያምራት፣ ጡቷም እንዳይነጥፍ። ልክ በዚህ ሰዓት ዶሮዎቹ ክስት አሉ፤ ኩሳቸው ውስጥም ነጭ ትል ታየ። መሰለች ጋሽ ሽብሩን አስጠራች፤ እንግዲህ ዶክተሩ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ሊሆኑ ነው።

"ትል ነው!" አሉ ጋሽ ሽብሩ ገና ከበሩ። አንዷን ዶሮ በመዳፋቸው ከፍ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ሁለት ኪሎ። የላባው ሲቀነስ ትንሽ ወረድ ይላል።"

"ላባም ይቀነሳል እንዴ ጋሽ ሽብሩ?"

"የጆንያው ይቀነስ የለ? ላባ ማለት፣ መሲ፣ የዶሮ ጆንያ ማለት ነው።"

ከኪሳቸው ያወጡት ግን ለበጋቸው የገዙትን ትልቅ ኪኒን ነበር። መሰለች አየችው። "ይሄ የበግ አይደለም?"

"ትል በግና ዶሮ ለይቶ ያውቃል? ትል ትል ነው!"

ላባ ሳይቀር የቀነሱት ሰውዬ ኪኒኑን በግምት ገመሱት። በድንጋይ አድቅቀው ከፍርፋሪ ቆጮ ጋር ለወሱትና ጓሮው ላይ በተኑት። "ሁሉም የድርሻውን ይበላል" አሉ። እንዲህ የሚል ሰው አውራ ዶሮ አያውቅም ማለት ነው። ሻለቃ፣ የመሰለች አውራ ዶሮ፣ ሴቶቹን ግራና ቀኝ እያባረረ የሰፈሩን ሁሉ መድኃኒት ብቻውን ዋጠው። ለእነሱ የተረፈችው ፍርፋሪ ነበረች።

"እንቁላሉስ ምንም አይል?" አለች መሰለች።

"ምን ይላል? እንዲያውም አራሷም በዚያው ሆዷ ይጸዳላታል!"

በማግስቱ ጠዋት ሻለቃ መቆም አቃተው። እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ግድግዳ ሲገፋ መሰለች ጋሽ ሽብሩን ጠራቻቸው። መጡ፣ አዩ። "ትል ነው" አላሉም። ሻለቃን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ እየተጣደፉ ወጡ።

"ማስረጃውን ይዘው ሸሹ!" አለች መሰለች ብግን ብላ።

"እማ፣ ራበኝ" አለች ትንሳኤ ከውስጥ። ሕፃኗም ጡቱ አልጠግብ ብሏት ትነጫነጫለች። መሰለች ወደ ሴቶቹ ዶሮዎች አንገቷን አስግጋ አየች፤ ደህና ይጭራሉ። ዶክተሩም ምንም አይል ብለዋል። ልቧ እያመነታ ዘይቱን ጣደች፤ የመጀመሪያውን እንቁላል ሰበረች።

የባጃጅ ጡሩምባ ግቢውን አናወጠው። "መሲ! እንቁላሉን አታብያት! አታብያት አልኩሽ!" ጋሽ ሽብሩ ባጃጇ ሳትቆም ዘለው ወረዱ። ከኋላቸው ከእንስሳት ክሊኒክ የመጣችው ሀምዲያ ቦርሳዋን ይዛ ወረደች።

"በላችው እንዴ?" አለች ሀምዲያ እየተቻኮለች።

"ገና መጥበሻው ላይ ነው።"

"ተመስገን። ድፉት፣ እናቴ። መድኃኒቱ ወደ እንቁላሉ ይገባል። የበግ መድኃኒት ደግሞ ለዶሮ ልኩ ስላልታወቀ፣ እኔ በሉ እስክል እንቁላሉም ሥጋውም አይበላም።" ከዚያ ከቦርሳዋ ትንሽ ሚዛን አወጣች። "እነዚህ ሲያገግሙ ለዶሮ የሚሆነውን እሰጣችኋለሁ። በምግብ አይበተንም፤ አንድ በአንድ ተመዝነው በአፋቸው ነው። ከነላባቸው!" ኩሱም ተጠርጎ ይራቅ፣ ማደሪያቸውም ይድረቅ አለች፤ አለበለዚያ ትሉ ተመልሶ ይመጣል።

"እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው" አሉ ጋሽ ሽብሩ በለሆሳስ።

"ሻለቃስ?" አለች መሰለች።

"ክሊኒክ ነው፣ የሚተርፍ ይመስለኛል። አባባን አመስግኑ። ምን ያህል ሰጡት ስላቸው 'አላውቅም' አሉኝ። እውነቱን ባይነግሩኝ በላዩ ላይ ሌላ መድኃኒት ጨምሬ እገድለው ነበር።"

መሰለች ጆሮዋን ተጠራጠረች። "አላውቅም? ጋሽ ሽብሩ?"

"በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አለ ከፍያለው ከባጃጇ ላይ። "ሞተር አጥፍቼ ነው የሰማሁት።"

ጋሽ ሽብሩ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከራሳቸው ወርዶ የማያውቀውን ባርኔጣቸውን ከባጃጇ ወንበር ላይ አንስተው አመጡ። ውስጡ እንቁላል ሞልቷል። "በመንገድ ቤቴ ጎራ ብዬ ነው። ለአራሷ።"

"የእርስዎ ዶሮዎችስ ያንን መድኃኒት አልወሰዱም?"

"የእኔዎቹ?" ደነገጡ። "ኧረ በጌታ! የእኔዎቹን እንዴት አድርጌ! መድኃኒት ቀምሰው አያውቁም።"

መሰለች ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር፣ ሆዷን ይዛ የምትስቀው ሳቅ። ፀሐይ ላይ የሚያብረቀርቀውን መላጣቸውን፣ ከዛሬ በፊት ለማንም ገልጠውት የማያውቁትን መላጣ እያየች፣ እኚህን ሰውዬ እንደምትወዳቸው ገባት። አላዋቂነታቸውን ሲደብቁ የኖሩት ሰው፣ ለልጇ ሲሉ በማያውቋት ሴት ፊት ገልጠውት መጡ።

ሕፃኗ ከውስጥ ጮኸች። ሁሉም እንደ ልማዱ ወደ ጋሽ ሽብሩ ዞረ። ጋሽ ሽብሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙት።

"እንጃ" አሉ ቀስ ብለው። "እናቷ ብትበላ ጥሩ ነው።"

መሰለች መጥበሻውን አጥባ መልሳ ጣደችው። ለአራሷ ከሰበረችው ላይ ለዶክተሩም አንድ ጨመረች።