የተባረከው ኩምቢ

ግባ ግባ፤ እዚያች ጥግ ላይ ተቀመጥ። ብዙም አላመለጠህም። ከርከሮ ጀርባውን ለችግኟ ሰጥቶ፣ ክራንቻውን ወደ ኮሚቴው አሹሎ፣ «አልነቅልም!» እያለ ነው።

«ንቀል ተብለሃል!» አለ ኤሊ። «የክብር እንግዳው መንገድ ላይ ነው። ጉድጓድ የለንም! ጉድጓድ ሳይኖር ምኑ ላይ ነው የሚተክለው?»

«ሌላ ቦታ እቆፍራለሁ አልኩህ እኮ፣ ጋሼ ኤሊ።»

«ጋሼ አትበለኝ!» ኤሊ አንገቱን ከድንጋይ ልብሱ ውስጥ እስከ መጨረሻው አውጥቶ ጮኸ። «ስንቴ ልንገርህ? ወጣት ኤሊ ነው የምባለው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ጫካ የወጣት እንስሳት ልማት ማኅበር የሚባል ነበር። ሊቀመንበሩ ኤሊ ነው። ኤሊ የወጣቶች ሊቀመንበር ሆኖ ሲመረጥ ሜዳው ዳር ያለው ሾላ ገና ቡቃያ ነበር። አሁን ሾላው አርጅቶ ግማሽ ጎኑ ደርቋል፤ ኤሊ ግን ወጣት እንደሆነ አለ። «ወጣትነት የሚለካው በኖርከው ሳይሆን በቀረህ ዕድሜ ነው» እያለ ይከራከራል። ከእሱ የበለጠ ዕድሜ የቀረው እንስሳ ስለሌለ ደግሞ እስካሁን የረታው የለም።

ይህ ማኅበር ዝናብ በጀመረ ቁጥር የበጎ ፈቃደኞችን ቀን ያከብራል። የክብር እንግዳ ይመጣል፣ ችግኝ ይተክላል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይሄዳል። በማግሥቱ ችግኟን ዞር ብሎ የሚያያት የለም፤ ትደርቃለች። ዓመት ሲዞር ከርከሮ የደረቀችውን ይነቅልና እዚያችው ቦታ ላይ ይቆፍራል፤ ሌላ እንግዳ ሌላ ችግኝ ይተክላል። ለምን እዚያችው ቦታ? ሾላው ለእንግዳው ጥላ ይሰጣል። አፈሩ ከመቆፈር ብዛት እንደ ገንፎ ለስልሷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የበቀቀን ቅርንጫፍ ከዚያ በላይ ነው። በቀቀን ቀላል ፍጡር እንዳትመስልህ። ያየችውን ሁሉ ጫካውን እየዞረች የምትለፈልፈው እሷ ናት። በቀቀን ያላየችው ችግኝ እንዳልተተከለ ይቆጠራል፤ ያየችው ደግሞ ደርቆ አመድ ቢሆን እንኳ ቆሟል።

ስለዚህ በማኅበሩ አነጋገር እዚያ ሜዳ ላይ ደን አለ። ሄደህ ብታይ የምታገኘው አንድ ጉድጓድ ነው።

ከርከሮ ትምህርት ያቋረጠው በጊዜ ነው። አስተማሪዋ ጉጉት ቀን ቀን ትተኛለች፣ እሱ ሌሊት ሌሊት ይተኛል፤ ሳይገናኙ ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ የጀመረው ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ጎሬ መቆፈር ጀምሮ ተወ። ዘፈን ጀምሮ ተወ። ትዳርም ጀምሮ ተወ፤ እሷ ተወችው ብንል ይሻላል። በጎ ፈቃደኛ የሆነውም ፈቃዱ ተጠይቆ አይደለም። ክራንቻውን አይተው «አንተ ቁፋሮ ላይ ነህ» አሉት፤ ቆፈረ።

ባለፈው ዓመት በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ራበውና የችግኟን ሥር ሊበላ መጣ። አፉን ሲያስጠጋ ችግኟ አንዲት ለጋ ቅጠል አውጥታለች። አየና አፈረ። ለምን እንዳፈረ እሱም አያውቅም። ወንዝ ወርዶ፣ ጉንጩ እስኪነፋ ውሃ ሞልቶ፣ ተመልሶ ሥሯ ላይ ተፋው። በማግሥቱም ሄደ። በሦስተኛውም ቀን ማንም ሳይልከው ሄደ። በጋው ገፍቶ ወንዙ ሲደርቅ ደግሞ በራሱ መንገድ አጠጣት፤ ዝርዝሩን ተወው። ዝናቡ ሲመለስ ችግኟ ቅጠሏ የሰፋ፣ ከከርከሮ ቁመት ያለፈች ዋንዛ ሆና ቆማለች። በሕይወቱ ጀምሮ ያልተዋት እሷን ብቻ ነው።

እና አሁን «ንቀላት» ይሉታል።

አስተባባሪዋ እመት ጦጢት ከሾላው ላይ ዘላ ወረደች። «አንተ ልጅ፣ ምን ነክቶሃል? የዓመቱ ምርጥ በጎ ፈቃደኛ ተብለህ ዛሬ የምትሸለመው እኮ አንተ ነህ!»

«በምን ነው የምሸለመው?»

«ችግኝ በማጽደቅ ነዋ! በማኅበሩ ታሪክ የጸደቀች ይቺ ብቻ ናት።»

«እና ያጸደቅኳትን ንቀል ትይኛለሽ?»

«ካልነቀልክ ጉድጓድ የለም። ጉድጓድ ከሌለ ተከላ የለም። ተከላ ከሌለ በዓል የለም። በዓል ከሌለ ማን ይሸልምሃል? እስቲ ረጋ ብለህ አስበው፤ እኛ ለአንተው ብለን ነው።»

ከርከሮ ሽልማቱን አይፈልግም እንዳትል። ይፈልጋል! እናቱን ከቆላ አስጠርቷታል። «ስሜ በሕዝብ ፊት ይጠራል፣ መጥተሽ ስሚ» ብሎ ልኮባታል። ይኸው ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ለበዓሉ ብላ ጭቃ ውስጥ ተንከባልላ፣ አምራ።

ጓደኛው ጃርት ተጠግቶ ሹክ አለው። «ነቅለህ ስጣቸውና ተገላገል። አግብተሃታል እንዴ?»

«ዝም በል፣ አንተ መርፌ።»

«ይሁን፣ መርፌ ነኝ። ግን እናትህ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው ቅጠል ለማየት ነው?»

በዚህ መሐል ሜዳው ሞልቷል። በእንሰት ቅጠል የተሠራው ባነር ተሰቅሏል። ፍየሎች ከዳሩ እየቀነጠቡለት «የወጣቶች ልማት» የሚለው «የወጣቶች» ላይ ቀርቷል። በጎ ፈቃደኞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲለብሱ ተብሎ ነጭ ጭቃ ተቀብተዋል። የሜዳ አህያ «መስመሬን መልሱልኝ! እናቴ አህያ ናት ብላ ትተወኛለች!» እያለች ታለቅሳለች። ጃርት አጠገብ የሚቀመጥ ስለጠፋ ከጎኑ ያሉት ቦታዎች ለክቡራን እንግዶች ተይዘዋል ተባለ። ጠዋት ይጀመራል የተባለው በዓል ሲጠበቅ ሲጠበቅ ጥላው ዞረ። ከዚያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ የክብር እንግዳው ዝሆን መጣ።

«አለቀልን!» አለች ጦጢት ራሷን ይዛ። «ደረሱ! ጉድጓድ የለንም!»

ከርከሮ ደግሞ ባይማርም የማያጣው አንድ ነገር አለ፤ መላ። በክራንቻው የዋንዛዋን ዙሪያ ቶሎ ቶሎ ጫር ጫር አደረገና አፈሩን ከጎኗ ከመረው።

«ይኸው ጉድጓድ» አለ። «ክቡር እንግዳው አፈሩን መለስ ያደርጋሉ፣ በእግራቸው ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ፣ አለቀ። ተከሉ ማለት ነው።»

ጦጢት ዋንዛዋን ከታች እስከ ላይ አየቻት። «ትልቅ ናት እኮ።»

«እንግዳውስ ትንሽ ናቸው?»

 ኤሊ ቀስ ብሎ ማሰብ ጀመረ፤ ኤሊ ሲያስብ ደግሞ ያስታውቃል፣ አንገቱ ይረዝማል።

«ቆይ» አለ። «ዛሬ የተተከለች ናት ካልን፣ አንተ አላጸደቅካትም ማለት ነው።»

«እ…»

«ካላጸደቅካት ደግሞ ሽልማትህ ይቀራል። አሠራሩ ነው፣ በእኔ እንዳታዝን።»

ከርከሮ ወደ እናቱ ተመለከተ። ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ስሙን እየጠበቀች ነው። ከዚያ ወደ ዋንዛዋ ተመለከተ። አንዲት ትንኝ ቅጠሏ ላይ አርፋ እግሯን ታጥባለች።

«ይቅር» አለ። «ብቻ አትነቀል።»

በዓሉ ተጀመረ። ኤሊ መድረኩ ላይ ወጣ፤ ማለት መውጣት ጀመረ፣ ሲደርስም ሪፖርቱን አሰማ። «ማኅበራችን በዓመቱ ውስጥ ለዓሦች የዋና ሥልጠና ሰጥቷል!» ተጨበጨበ። «ለወፎች ስለ መብረር ግንዛቤ አስጨብጧል! የቀንድ አውጣ ወጣቶችን የቤት ችግር ሙሉ በሙሉ ፈትቷል! የእባቦች የጫማ ጥያቄ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ተዛውሯል!» እባቦቹ ማጨብጨቢያ ስለሌላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሱም እንደ ድጋፍ ተቆጠረ።

«በመቀጠል» አለች ጦጢት፣ «የዕለቱ የክብር እንግዳችን ክቡር ዝሆን አረንጓዴ አሻራቸውን ያሳርፉልናል። ሞቅ ባለ ጭብጨባ!»

ዝሆን እየተንጎማለለ መጣ። አፈሩን በኩምቢው መለስ፣ በእግሩ ጠቅ ጠቅ አደረገ። ከርከሮ ትንፋሹን ዋጠ። የዝሆኑ እግር ከግንዷ በአንድ ጣት ርቀት አረፈ፤ ዋንዛዋ ተወዛወዘችና ቆመች። ከርከሮ ተነፈሰ። ተረፈች!

በቀቀን ቅርንጫፏ ላይ ሆና ጮኸች። «ክቡር ዝሆን ችግኝ ተከሉ! ክቡር ዝሆን ችግኝ ተከሉ!»

አንዲት ጥንቸል ከኋላ ብድግ አለች። «እንዴ! አሁን ተከሏት፣ አሁን ይህን አከለች!»

 ሁሉም ዋንዛዋን አዩ። ችግኝ ሲተከል ያውቃሉ፤ ጸድቆ ግን አይተው አያውቁም። ስለዚህ የነገሩ አካሄድ እንዲህ ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም።

«አደገች!» አለች በቀቀን። «ተከሏት፣ ወዲያው አደገች!»

«ኩምቢያቸው የተባረከ ነው!» አለ አንዱ። እልልታው ቀለጠ። ዝሆን መጀመሪያ ደነገጠ። ኩምቢውን አዙሮ ጫፉን አየው። ከዚያ ደገመና አየው። ሦስተኛ ሲያየው አመነ።

«ይሄ… እንግዲህ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ከቤተሰባችን የመጣ ነው።»

ኤሊና ጦጢት ተጠቃቀሱ። ለሽልማት የተዘጋጀው የአበባ ጉንጉን ባለቤት አጥቶ ተቀምጧል። «የዓመቱ ምርጥ በጎ ፈቃደኛ…» አለች ጦጢት፤ የከርከሮ እናት ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነሳች፤ «…ክቡር ዝሆን!» ጉንጉኑ አንገቱ አልገባ ብሎ ጆሮው ላይ ተንጠለጠለ።

እናቱ ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። «ልጄ፣ ያንተን ስም መቼ ነው የሚጠሩት?»

«አጨብጭቢ እማ፣ ዝም ብለሽ አጨብጭቢ።»

አጨበጨበች። እሱም አጨበጨበ፤ ለዝሆኑ አልነበረም፣ ከዝሆኑ ጀርባ ለቆመችው ነበር። ስሙ ቀረ፤ እሷ ግን አለች። ነገ ጠዋት ውሃ ያመጣላታል። በዓሉ ካለፈ ማን ዞር ብሎ ያያታል? ልቡ ሞላ፤ ጃርትን ሊያቅፈው ምንም አልቀረው፣ ትዝ ብሎት ተወው።

ከዚያ ምሳ ዘገየ። ምሳውን ያዘጋጁት ጅቦች ነበሩ፤ ሲያዘጋጁ እየቀመሱ፣ ሲቀምሱ እየጨረሱት ነው አሉ። ዝሆን ሾላው ጥላ ሥር ቆሞ ጠበቀ። ሆዱ ሲጮህ የሩቆቹ ዝናብ የመጣ መስሏቸው ወደየቤታቸው ሮጡ። ኩምቢውን ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ። ከዚያ ሳያይ፣ ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ኩምቢውን ዋንዛዋ ላይ ጠመጠመና ሳብ አደረጋት።

ከሥሯ ወጣች። ያ ሁሉ የለሰለሰ አፈር ምን ይይዛታል?

«ክቡርነትዎ!» ከርከሮ ያገኘውን እየገለበጠ ሮጠ። «እባክዎ ክቡርነትዎ! እሷን አይብሏት!»

ዝሆን ግማሿን ጎርሶ ቆም አለ። «ምነው?»

«እሷ እኮ… እሷ…»

«እሷ ምን? የተከልኳት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ከርከሮ ወደ ኤሊ ዞረ። ኤሊ ድንጋዩ ውስጥ ገብቷል። ወደ ጦጢት ዞረ። ጦጢት ባነሩን እየጠቀለለች ነው። ወደ ጃርት ሲዞር ጃርት መሬት መሬት ያያል። የተናገረው እሱ ራሱ ነው፤ «ተከሉ ማለት ነው» ያለው እሱ። ሜዳው ሙሉ ምስክር አለ፣ አጨብጭቦለታል፤ እናቱ እንኳ አጨብጭባለች።

«አይደለም እንዴ?» አለ ዝሆን እንደገና።

«ነዎት» አለ ከርከሮ።

ዝሆን ቀሪዋን ጎረሰ። በላይ በኩል በቀቀን ክንፏን አራግፋ ለመዞር ስትነሳ ድምጿ ተሰማ። «ክቡር ዝሆን ችግኝ ተከሉ! ወዲያው አደገች! ምርቱንም በዕለቱ ሰበሰቡ!»

ከርከሮ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ጉድጓዱ እንደ ድሮው ባዶ ነው፤ ጠርዙ ላይ የራሱ የክራንቻ ጭረት አለ። ዝሆን ከንፈሩ ላይ የቀረችውን ቅጠል በምላሱ ሰበሰበና የከርከሮን ጀርባ በኩምቢው መታ መታ አደረገው።

«አይዞህ፣ የኔ ልጅ። ኩምቢዬ እንደሆነ የተባረከ ነው፤ ለከርሞ ሌላ እተክልልሃለሁ። አንተ ብቻ ጉድጓዷን ቆፍርልኝ።»