አሥራ ሁለቱም አይተነፍሱም

«መተንፈስ» የምትባለውን ቃል ያወጣት ሰው ምነው ትንሽ በተጠነቀቀ ኖሮ እላለሁ። ሳንባ ያለው ሁሉ ይተነፍሳል፤ ይሁን። ግን ምስጢር ያወጣም «ተነፈሰ» ይባላል። በዚያ በአንድ ለአምስት ዘመን ደግሞ፣ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ስብሰባ ላይ የተነፈሰ ይጠረጠራል፤ ያልተነፈሰም «ምን ቋጥሮ ነው?» ተብሎ ይጠረጠራል። እኔ ሁለቱንም እጠረጥር ነበር። ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ሰው «እንደምን አደርክ» ሲለኝ እንኳ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ።

ሶዶ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። አስቴር የምትባል የጉኑኖ ልጅ፣ ወጣት መምህርት፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ እኛው ላብራቶሪ ውስጥ ምርምር ትሠራለች። «ጋሽ ባሳ» ነው የምትለኝ፤ የምናወራውም በወላይትኛ ነው። ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በስልክ ስታወራ ደረስኩ። በአማርኛ! ከማን ጋር ብትሆን ነው በአማርኛ የምትንሾካሾከው?

«አይተነፍሱም፤ አሥራ ሁለቱም። ምግባቸውንም ቀየርኩባቸው፣ ወይ ፍንክች! ኪው ሲሰጣቸው ግን ይተነፍሳሉ። ለማንኛውም ሁለቱን አጋብቼ አያለሁ።»

ጉድ በል ሶዶ! ቆጠርኩ። የክፍላችን ሠራተኛ ከነጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከነእኔ፣ አሥራ ሁለት ነው። ባለትዳር መሆኔን ረስታ ከማን ልታጋባኝ ነው?

በቀጥታ ወደ አንድ ለአምስት መሪያችን ወደ አቶ ታምሩ ሄድኩ። «ለጥንቃቄ ያህል ነው፤ ደግሞ አደራ ስሜ እንዳይነሳ» አልኩት። አቶ ታምሩ ጊዜ አላጠፋም፤ ጉዳዩ እስኪጣራ ብሎ ላብራቶሪው ላይ የራሱን ቁልፍ ቆለፈበት። አስቴር በሩ ላይ ቆማ ለመነችው። ውስጥ ያሉት የምርምር ሳህኖቿ በሦስተኛው ቀን ካልታዩ ይበላሻሉ፤ የጽሑፏ ማስረከቢያ ደርሷል፤ ካለፋት ዓመቱ ከነዲግሪው ሄደ። «ይጣራል» አላት።

ማጣሪያው ስብሰባ በአምስተኛው ቀን ተጠራ።

«እርሾ እኮ ነው!» አለች አስቴር፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ሊጥ የሚያነሳው እርሾ! ሴሉ ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባል የኃይል ቤት አለ። እዚያ ኮኤንዛይም ኪው የሚባል ነገር ከሌለ እርሾው በኦክስጅን መተንፈስ አይችልም። የእኔዎቹ አሥራ ሁለቱ ኪውን የሚያሠራ ጂን የተበላሸባቸው ናቸው። ሁለቱን የማጋባው ብልሽታቸው አንድ ቦታ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ነው። ልጃቸው ከተነፈሰ የእናትና የአባት ጉድለት ለየቅል ነው ማለት ነው።»

አቶ ታምሩ ማስታወሻው ላይ ጻፈ፣ ጻፈ፣ ቀና አለ።

«ይህ ኪው የተባለው ግለሰብ የሚኖረው የት ነው?»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳልስቅ ብቀር እጠረጠራለሁ። በሩ ሲከፈት ግን የሳቀ የለም። ሳህኖቹ ደርቀዋል፤ ያልደረቁት ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ተነጥፏል። ልጅቷ አንዱን አንስታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችና መልሳ አስቀመጠችው። ምነው በጮኸችብን ኖሮ።

ሁሉም ሲወጣ እኔ ጋ መጣች። ከቦርሳዋ ትንንሽ ብልቃጦች አወጣች፤ መጠባበቂያ የእርሾ ዘሮቿ ናቸው።

«ጋሽ ባሳ፣ ማን እንደጠቆመብኝ አላውቅም» አለችኝ በወላይትኛ። «እነዚህን ቤትዎ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡልኝ። እዚህ ግቢ ከእርስዎ በቀር የማምነው ሰው የለም።»

እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። «እሺ ልጄ» አልኳት።

እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅኋቸው። ባለቤቴ ፍሪጁን ስትከፍት ሁሉ እጇን አይ ነበር። አስቴር የማስረከቢያው ቀን እንዲራዘም ተለምኖላት እንደ አዲስ ሠራች፤ ሁለቱን አጋባች፤ ልጃቸው ተነፈሰ። ተመረቀችም። ደስ አለኝ፣ ከልቤ። በተመረቀችበት ሳምንት የታተመውን የጽሑፏን ጥራዝ አመጣችልኝና መጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን መታሰቢያ በጣቷ አሳየችኝ፦

«የሚነገረውን ሁሉ በጥሞና ለሚያዳምጡት፣ ለጋሽ ባሳ።»

ፈገግ ብላ ሄደች። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ጥራዙን አውጥቼ ያቺን መስመር አነባለሁ። እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ ይሄ ምስጋና ነው?