ለእስረኛው ጀልባ የተጨነቁት ሰው

ፊልም ሲያዩ ዝም የማይሉ ሰዎች ያናድዱዎታል? እኔንም ያናድዱኝ ነበር፤ ጣና ዳር፣ ቁንዝላ ላይ የደንገል ታንኳ ሲሠሩ ከኖሩት ከአያ እንድሪስ አጠገብ እስክቀመጥ ድረስ። ዛሬ ያለ እሳቸው ፊልም አላይም።

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለች አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበርን። የፊልሙ ሰው ሰባት ዓመት ተፈርዶበታል፤ ነገ እስር ቤት ይገባል። የመጨረሻ ቀኑን ወዳጆቹን ሲሰናበት ዋለና፣ ትንሿን ጀልባውን ውሃው ላይ እንደታሰረች ትቷት ሄደ። ቤቱ በሙሉ ያለቅሳል። እኔም፣ ምን እደብቅዎታለሁ፣ አለቀስሁ።

አያ እንድሪስ ግን ብድግ አሉ።

«አንተ! ታንኳዋን አውጣት እንጂ! ውሃ ጠጥታ ትበሰብሳለች!»

የደንገል ታንኳ ሣር ናት፤ ማታ ማታ ከውሃ ወጥታ ካልደረቀች ዕድሜ የላትም። የፊልሙ ጀልባ ግን ፕላስቲክ ናት፤ ይህን ማን ደፍሮ ይንገራቸው? ከኋላ «ይቀመጡልን!» ተባሉ። እግዜር ያሳይዎ፣ አልተቀመጡም።

«አያ፣ ሰውዬው እስር ቤት ሊገባ እኮ ነው» አልኋቸው፣ እንባዬን እየጠረግሁ።

ያዘኑልኝ መሰለኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ታዲያ ልጄ፣ ሲወጣ በምን ይሻገራል?»