ጉንጭ የሚያቀላው ዶክተር

በየሰፈሩ ፈጣሪ የሠራውን አይቶ «ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ ይቀረዋል» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለው ሰው የሚያስቸግረው በምላሱ ብቻ ነው። የኛ ሰፈሩ ግን ብሩሽ ይዟል።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ በእጁ ቀለም ይቀባል። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ባይረግጥም «ክቡር ዶክተር» እንለዋለን። የማንንም ፎቶ ስጡት፣ ወደ መስኮቱ ያዞርና ከንፈሩን ይመጣል፦ «ወይ ጉድ! ይሄ ሰውዬማ ደም አንሶታል። ትንሽ ልጨምርለት!» ከዚያ ስንጥር ላይ ጥጥ ጠቅልሎ ቀዩን ነከር፣ ጉንጩን አሸት አሸት። የብሩሹን ጫፍ የሚያሾለው በምላሱ ስለሆነ አፉን ሲከፍት የዕለቱን ሥራ ታውቃላችሁ። ምላሱ ሰማያዊ ከሆነ ሙሽራ መጥቷል ማለት ነው፤ ሙሽራን ሁሉ ሰማያዊ ሱፍ ያለብሳል።

ምክር ብሎ ነገር አይሰማም። ጎረቤታችን ዳኛው ፎቷቸው በእሱ እጅ ካለፈ ወዲህ ከመጠጥ ቤት የወጡ መስለው ግድግዳቸው ላይ ተሰቅለዋል። የልብስ ሰፊዋን ግራጫ ካፖርት ቢጫ አደረገው። «ምነው ዶክተር?» ብትለው፣ «እትዬ፣ ግራጫ እኮ ለግድግዳ ነው!» አላት። ፎቶውን ያየ ዘመድ ሁሉ «ያ ቢጫ ካፖርትሽ የት ገባ?» እያለ ቢያስቸግራት ጨርቅ ገዝታ ቢጫ ሰፋች። ዛሬም ትለብሰዋለች፤ ያምርባታልም።

እንግዲህ እማዬ የአባታችንን ፎቶ ለዚህ ሰው ልስጥ ስትል ቤቱ ታመሰ። አባዬ ካረፈ ወዲህ የቀረን ያ አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ቢበላሽ ምትክ የለውም። አባዬ ደግሞ ኮስታራ ሰው ነበር። አትስጪው ብላት እማዬ እምቢ ብትለኝ ጊዜ እኔው ፎቶውን ይዤ ሄድኩና አስጠነቀቅኩት።

«ዶክተር፣ በእናትህ ጉንጩን አትንካ። ልብሱን እንደፈለግህ።»

«ኧረ ምን በወጣኝ! መች እነካለሁ?» አለ፣ በቀይ ምላሱ።

ነካ። ያ ገና ሲያስል የምንበረግግለት አባታችን እንደ ቲማቲም ቀልቶ መጣ። እህቴ አለቀሰች። እኔ «ዛሬ እሱን አያድርገኝ!» ብዬ ወደ በሩ ስሮጥ እማዬ ፎቶውን ነጠቀችኝ። መነጽሯን አጥልቃ ብዙ አየችው፤ ከዚያ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

«ወዴት ነው? ቁጭ በል።»

«እማዬ፣ ይሄ አባዬ ነው?»

«ላግባሽ ሊለኝ የመጣ ዕለት ልክ እንዲህ ነበር! ቃሉ ከአፉ አልወጣ ብሎት፣ በላብ ተጠምቆ። እናንተ ከየት ታውቁታላችሁ? ያኔ አልተወለዳችሁም። እኔስ ብሆን ረስቼው አልነበር!» እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

ክቡር ዶክተር ይህን ከየት ያውቃል? ለሁሉም የሚያደርገውን ነው ያደረገው፤ ገጠመለት፣ በቃ። ቢሆንም በማግስቱ ለስድብ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ውጬ ሱቁ ገባሁና የራሴን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ጉንጩን እንዳልነካ?» አለኝ ፈራ ተባ እያለ።

«ለአንዲት ልጅ የምሰጠው ነው» አልኩት፣ ፊቴ እየጋለ። «አንተ ታውቃለህ።»