ሊቀ ማመልከቻ ጋሼ እሸቱ

ኮሎምበስ ውስጥ አለቃውን በራሱ አፍ ፈቃድ የጠየቀ ሐበሻ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። የለም! ሁላችንም የምንሮጠው ክሊቭላንድ አቬኑ፣ ልጃቸው ሱቅ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍተው የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ ወደሚውሉት ጡረተኛ፣ ወደ ሊቀ ማመልከቻ ጋሼ እሸቱ ነው።

እንግሊዝኛቸው እንከን አይወጣለትም። ጣጣው ሰላምታቸው ነው። "መጀመሪያ ሰውየው፣ ጉዳዩ ይደርሳል!" ይላሉ። ለጓደኛችን ለጎሹ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ሲጠይቁለት የሱፐርቫይዘሩን ልጆች መርቀው ጀመሩ። ሰውየው "ልጅ የለኝም" ብሎ መለሰ። ጋሼ እሸቱም ሳይውሉ ሳያድሩ "እንግዲያው ይስጥዎት" ብለው ጻፉለት። ጎሹ ያን ሰሞን አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚሠራው፤ ዕረፍቱን ግን አገኘ።

ሰሎሜ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው የሄደችው። ምን ታድርግ! ዘመኑ የኮቪድ፣ ትምህርቱ በኦንላይን። ዎርዝንግተን ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ጠዋት ጠዋት ትሠራለች፤ አንደኛ ክፍል የገባችውን ልጇን ሉሊትን የምትይዝላት ጎረቤት ደግሞ ሥራ ልትጀምር ነው። ባሏ ቤት የሚገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ወደ ማታው፣ ወደ ኢቭኒንግ ሺፍት ካልቀየሩላት ሥራዋን መልቀቋ ነው።

"አለቃሽ ጤናዋ እንዴት ነው?" አሉ ጋሼ እሸቱ።

"እኔ እንጃ፤ ጉልበቷን ያማታል መሰለኝ፣ ታነክሳለች።"

ይህን ባትናገር ይሻላት ነበር። ስለ ጉልበቱ ሁለት አንቀጽ፣ ስለ ሺፍቱ አንድ መስመር ተጻፈ።

"ጋሼ፣ በፈጠረዎት! እዚህ አገር የአለቃ ጉልበት አይነሣም!"

"ሴትዮዋ እያነከሰች አንቺ ሺፍት ቀይሪልኝ ልትያት? ነውር አይደለም እንዴ?" አሉና፣ ሰሎሜ እጃቸውን ሳትይዛቸው ሴንድ አደረጉት።

በማግስቱ ቢሮ ስትጠራ፣ በቃ ተባረርኩ ብላ ነበር የገባችው። አለቃዋ ግን "ከሰኞ ጀምሮ ኢቭኒንግ ነሽ" አለቻት። ቀጥላም፣ "ጉልበቴ በሚቀጥለው ወር ሰርጀሪ አለው። ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ" አለች።

ሰሎሜ ከፓርኪንጉ ሳትወጣ ደወለች። "ጋሼ እሸቱ! ተፈቀደልኝ! ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ክፉ አይንካብኝ!"

"እሰይ! ጉልበቷስ?"

ሰሎሜ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ሰርጀሪ ልትደረግ ነው።"

"እግዜር ይማራት። በይ ነይ፣ የምስጋናውን እንጻፍ።"

መኪናዋን ወደ ክሊቭላንድ አቬኑ አዞረች። የምስጋናው ኢሜይል ስለ ጉልበቱ ብቻ ሦስት አንቀጽ ሆነ። ሦስተኛውን የጻፈችው ሰሎሜ ናት።